ቁልቁለት ላይ የሚግል ሞተር

ዛሬ ዛሬ ሰዎች ለሽርሽር ላስታ ደርሰው ሲመለሱ ስለ ተራራው አውርተው አይጠግቡም። ገደሉን፣ ጭጋጉን፣ ጠዋት ጠዋት ከሸለቆው የሚነሣውን ብርሃን ያደንቁልኛል። እሺ እላለሁ። እኔ በዚያ አገር ስድስት ዓመት መኪና ነድቻለሁ፤ ስለ ዕይታው ስጠየቅ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሹፌር የነበረ ሰው ሁለት ዓይኖቹን አከፋፍሎ ነው የሚሠራው። አንዱ መንገዱ ላይ ነው፤ ሌላው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ላይ። ለተራራ የሚተርፍ ዓይን አልነበረኝም።

ይህን ስል ሙሉ እውነቱን አልተናገርሁም። ሦስት ቦታ ላይ አይ ነበር። ሦስት ቦታ ላይ መኪናዬን አቁሜ፣ ወርጄ፣ ማዶውን አየው ነበር። ጣጣዬም የመጣው ከዚያው ነው።

መሥሪያ ቤታችን ላሊበላ ከተማ ውስጥ ነበር። ያለችን መኪና አንዲት ናት፤ አረንጓዴ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሏት፣ የጋቢናዋ በር በሽቦ የሚታሰር። ሥራዬ ሠራተኞችንና አለቆችን ገጠር ማመላለስ ነው። ገበሬው የሚገኘው በገበያ ቀን ስለሆነ ስብሰባውም የሚጠራው በገበያ ቀን ነው፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ብልባላ እንወጣለን። ሌላ ቀን ወደ ገነተ ማርያም። አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ አቅጣጫ፤ በዚያ በኩል መንገዱ ሳይደርስ ስለሚያልቅ እነሱ በእግርና በበቅሎ ይቀጥላሉ፣ እኔ ጥድ ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሁሉም አጭር መንገድ ነው። ጠዋት ወጥተን ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን። ያም ሆኖ ለእያንዳንዱ ጉዞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ኬላው ላይ ያለው ዘበኛ በየሳምንቱ እያየኝ፣ ልጆቼን በየስማቸው እየጠራ ደኅንነታቸውን እየጠየቀኝ፣ ወረቀቴን ግን አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው ገልብጦ ገልብጦ ያነበዋል። ማንበብ እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን።

አጭር ጉዞ የራሱ ጠባይ አለው። ረጅም መንገድ ላይ ሰው ይለማመዳል፤ ስንቁን ይፈታል፣ ስለ ዘመዶቹ ያወራል፣ ይተኛል። የሁለት ሰዓት መንገድ ግን ዝም እንደተባለ ያልቃል። በዚያ ዘመን ደግሞ ዝምታን የመሰለ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዝም ካለ ስለ እኔ የሚያስብ ይመስለኛል። ከተናገረም ሊያናግረኝ ፈልጎ ነው እላለሁ። ሰላምታው የረዘመ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ያጠረ ሰው ምን ሰምቶብኝ ነው? ጆሮ ጠቢ ያልጠረጠርሁት ጎረቤት አልነበረኝም። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ ከጥላህ ጋር ተጣልተህ ነው የምትሞት» ትለኝ ነበር። በዚህም ተቀይሜ አንድ ሳምንት አኩርፌ አውቃለሁ።

የምደብቀው ነገር ባይኖረኝ ኖሮ እንዲህ ባልሆንሁ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

ያደግሁት ገነተ ማርያም አጠገብ ነው። በእኛ አገር መንገደኛ የቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ብቅ የሚልበት ቦታ ሲደርስ፣ በበቅሎ ከሆነ ይወርዳል፣ ባርኔጣም ሆነ ቆብ ካደረገ ያወልቃል፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነሥቶ ያልፋል። ቦታው መሳለሚያ ይባላል። ሙሽራም ቢሆን ይወርዳል። የታመመ ከሆነ ደግፈው ያወርዱታል፤ መውረድ ካልቻለ ቀና አድርገው ይይዙታል። ተቀምጦ ማለፍ ትልቅ ድፍረት ነው። በልጅነቴ በቅሎ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ መሳለሚያውን ሳልወርድ ብናልፍ፣ አባቴ የአንድ ሰዓት መንገድ መልሶ ወስዶኛል። ሲመሽ ቤት ገባን፤ እናቴ የት ቆያችሁ ስትል «ልጅሽ ሰላምታ ረስቶ» አላት።

መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ስለ መሳለሚያ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን መኪናን ከበቅሎ ለይቼ ማየት አልቻልሁም። እንደ ተቀመጥሁ ያለፍሁ እንደሆነ መንገዱን ሁሉ ጀርባዬን ያሳክከኛል።

የመንግሥት መኪና አቁሞ መሳለም ቀልድ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበረው ሹፌር እናቱን በመሥሪያ ቤቱ መኪና ጠበል አድርሶ ተገኘና ታሰረ። በዘጠነኛው ወር ሲፈታ መሪ የጨበጠ ሰው አይመስልም ነበር፤ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። እኔም ብያዝ የሚጠብቀኝ ያው ነው። ስለዚህ መላ ፈጠርሁ። መሳለሚያው ሲደርስ «ሞተሩ ጋለ» ብዬ አቆማለሁ። ወርጄ የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን አነሣለሁ። ኮፈኑ ከተሳፋሪው ይጋርደኛል። ከኋላው ሆኜ ሞተሩን የማይ መስዬ ሦስት ጊዜ አጎነብሳለሁ፣ በጣሳ ጥቂት ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ጠብ አደርጋለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እንሄዳለን። አንዱ ከከተማው ወጥቶ ወደ ብልባላ በሚወስደው አቀበት ላይ ነው፤ አንዱ የይምርሐነ ክርስቶስ ጥዶች ከሩቅ በሚታዩበት፤ ሦስተኛው ወደ ገነተ ማርያም ስንሄድ ረጅሙን ቁልቁለት ወርደን ኩርባው ላይ።

ከሁሉም የምወደው ይኼ ሦስተኛው ነበር። ኩርባው ላይ ሲቆም ሸለቆው በሙሉ ይከፈታል። የገብስ እርከኑ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማዶ ቀዩ ጉብታ፣ ጉብታው ላይ ወይራዎቹ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ድንጋዩ ውስጥ የተፈለፈለች ስለሆነች ከሩቅ ብዙም አትታይም፤ ያለችበትን የሚያውቅ ግን ያውቃል። ጥቅምት ላይ ገብሱ ሲገረጣ እዚያ ቆሜ አባቴን አስበው ነበር። የሚያስለቅስ ነገር ሳይኖር ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ከዚያ ውሃ ጠብ አድርጌ እዘጋለሁ።

ነገሩ ግን ይከነክነኝ ስለ ነበር ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። የገነተ ማርያም ቄስ ነበሩ፤ እኔንም አባቴንም ያወቁ፣ ጢማቸው ከጋቢያቸው የነጣ ሽማግሌ።

«አባ፣ ሞተር ላይ አጎንብሼ የምሳለመው ይቆጠርልኛል ወይ?» አልኋቸው።

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ሞተሩ ምን ይላል?»

«ዝም ነው የሚል።»

«እንግዲያ ሞተሩ ካንተ ይሻላል። እሷ ታውቃለች ልጄ! ከሷ ደግሞ ምን ክዳን ይጋርድሃል? ብቻ ቆብህን አውልቅ። ቆብ ደፍቶ እጅ መንሣት ምን የሚሉት ነው? ፈራሁ ብለህ ባለጌ አትሁን።»

ከዚያ ወዲህ ኮፈኑን ባነሣሁ ቁጥር ካኪ ቆቤን አውልቄ ባትሪው ላይ አስቀምጣለሁ። ይህን ነገር የምናውቅ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኋትም።

ካድሬው ወደ እኛ የተመደበው መስከረም ላይ ነው። ከመሐል አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። የድምፁ ዝቅ ማለት ከመጀመሪያው ቀን አልጣመኝም። የሚጮኽ ካድሬ ለምጃለሁ፤ ጮኾ ጮኾ ይወጣለታል። ይኼ ግን ሲናገር ጆሮህን አስጠግተህ ነው የምትሰማው። ደግሞም «እባክህ» ይላል። «እባክህ» የሚል ካድሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም ነበር።

ይባስ ብሎ ዕይታ ይወዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብልባላ ስወስደው በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ወይ አገር! ወይ አገር!» ሲል ዋለ። ከዚያ ከደረት ኪሱ ሰማያዊ ደብተርና እርሳስ አወጣ። አገሩ ማማሩን እኔም አውቃለሁ፤ ይጻፋል እንዴ? ለማን ነው የሚጽፈው? ያን ዕለት በየትኛውም ቦታ ላልቆም ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። አቀበቱን እንደ ጀመርሁ ጀርባዬን ያሳክከኝ ጀመር። አቆምሁ። በሳምንቱ ወደ ገነተ ማርያም ስንሄድም ኩርባው ላይ አቆምሁ። ካድሬው ወረደና በመኪናዋ ጎን ዞሮ መጣ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። እጄ ቆቤን ለማንሣት ወደ ባትሪው ተዘርግቶ ነበር። እሱ ፈገግ አለ፤ ተመልሶ ገባና ደብተሩን አወጣ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ያሳበደኝ። በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ጉዟችን፣ ኩርባው ገና ከፊታችን ሳለ፣ «ሞተሩ ሳይግል አልቀረም፤ አይደል?» አለኝ።

«መሰለኝ ጓድ» አልሁና አቆምሁ፤ እሱ ካለ ምን አደርጋለሁ? ወርጄ ኮፈኑን አነሣሁ። በጨረፍታ አየሁት። መንገዱ ዳር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሸለቆውን ያያል። ጀርባ የሰጠኝ ለምንድን ነው? ሰው የሚያየውን ነገር እንዳላየ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሦስት ጊዜ የማጎነብሰውን አንድ ጊዜ አጎንብሼ ዘጋሁ።

ከዚያ ልማድ ሆነ። በየመሳለሚያው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «ሞተሩ አልጋለም?» ይላል። ወርዶ ጀርባውን ይሰጠኛል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሳለ ደብተሩን ወንበሩ ላይ ጥሎት ሄደ። ላለማየት ታገልሁ፤ አየሁት። ጽሑፍ የለበትም። በእርሳስ የተሳሉ ተራራዎች ናቸው። ገልጬ ገልጬ መሐል ላይ ስደርስ ኩርባዬን አገኘኋት፤ የገብሱ እርከን፣ ጉብታው፣ ወይራዎቹ አንድ በአንድ። ደብተሩን በቦታው መልሼ ከመኪናው ወረድሁና ተፋሁ። ማስረጃ እየሰበሰበብኝ ነው አልሁ። የምቆምበትን ቦታ በሥዕል ይዞታል። ሰው ደስ ብሎት ብቻ ተራራ ሊስል እንደሚችል ያን ጊዜ አንድም ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ግን ማን ነገረው? ኩርባው ሳይደርስ እንዴት ያውቃል? ይህን ሳሰላስል መሄጃ አጣሁ። ምሥጢሩን የምናውቅ ሁለት ነን። እኔ አልተናገርሁም።

ያን ሐሳብ አባረርሁት፤ ተመልሶ መጣ። አንድ ቀን ገነተ ማርያም ካድሬውን እየጠበቅሁ ሳለ፣ ከስብሰባው ወጥቶ ወይራ ሥር ከነፍስ አባቴ ጋር ቆሞ አየሁት። ይነጋገራሉ። አባ በመቋሚያቸው ወደ ኩርባው አቅጣጫ ጠቆሙ። ካድሬው ሳቀ። አባም ሳቁ፤ ያው ሳል የሚያመጣው ሳቃቸው። ሲለያዩ ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው ቆሎ ዘገኑለት። እሱም እየቆረጠመ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ «ቅመስ» አለኝ። «ጥርሴን ያመኛል» አልሁት።

ደሜ ፈልቶ ነበር። የገዛ ነፍስ አባቴ! ኑዛዜዬን በእፍኝ ቆሎ! ዛሬ ሳስበው ሰጪውም እሳቸው፣ ቆሎውም የእሳቸው ነበር፤ ምን አግኝተውበት ነው የሚሸጡኝ? ተናዶ የሚጠረጥር ሰው ግን ሒሳብ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩ መጋሉን አቆመ። ካድሬው «አልጋለም?» ሲል «ደኅና ነው ጓድ» ብዬ እነዳለሁ። ጥቂት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ፊቴን አየት እያደረገ ተወው። ወደ አባም መሄድ ተውሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ በእግራቸው ሲሄዱ ደረስሁባቸው። መኪናዋን አውቀዋት መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ። እንዳላየ አለፍኋቸው። በመስታወት ሳይ አቧራው ውስጥ መቋሚያው ገና ከፍ እንዳለ ነበር።

የካቲት ላይ አባ ታመሙ። ላሊበላ ልጃቸው ዘንድ አመጧቸው፤ ክሊኒክ ያያቸው ሰው ወልድያ ሆስፒታል ካልደረሱ አይተርፉም አለ። ልጃቸው መሥሪያ ቤታችን መጥታ ለመነችኝ። «ወንድምዓለም፣ አንተ አታውቃቸውም እንዴ? እስቲ በናትህ አንድ ነገር በል!» አለችኝ። መኪናው የመንግሥት ነው፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ እያልሁ ሳንገራግር ካድሬው ከቢሮው ወጥቶ ሰማ።

«ወልድያ ጉዳይ አለኝ» አለ። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን። አምጧቸው፤ ከኋላ ይተኛሉ።»

ጉዳይ እንዳለው ያን ዕለት መስማቴ ነው። ካድሬ በመንግሥት መኪና ቄስ ሲያሳፍር? ሌሊቱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ አደርሁና ደረስሁበት አልሁ። ወደ ወልድያ የምንወጣው በገነተ ማርያም በኩል ነው፤ በጋ ስለሆነ መንገዱ ያስኬዳል። ኩርባው ላይ ቄሱ አቁምልኝ ይሉኛል፤ እኔ አቆማለሁ፤ ይይዘኛል። ወጥመዱ ይኼ ነው። ቄሱም ወይ ያውቃሉ ወይ አያውቁም።

ጠዋት አባን በቃሬዛ አምጥተው ሁለቱ አግዳሚዎች መሐል አጎዛ ላይ አስተኟቸው። ልጃቸው ራስጌያቸው ተቀመጠች። ሲያዩኝ «ሰው ጠፋህብን እኮ ልጄ» አሉኝ። ወቀሳም አልነበረበትም። «ሥራ በዛብኝ አባ» ብዬ ወደ መሪዬ ሮጥሁ። ካድሬው አጠገቤ ገባ፤ በሩን በሽቦው አሰረ።

ረጅሙን ቁልቁለት ጀመርን። አባ ተኝተው ውጭው አይታያቸውም፤ ግን ያን መንገድ ዕድሜ ልካቸውን በእግር የሄዱበት ነው። መኪናዋ ወደ ግራ ስታዘነብል ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ኩርባው ደረሰ አይደል ልጄ? አቁምልኝማ። ቀና አርጉኝና ልሳለማት።»

መሪውን አጥብቄ ያዝሁ። ካድሬው ወደ እኔ ዞረ።

«ሞተሩ አልጋለም?» አለኝ።

«አልጋለም ጓድ።»

«እስቲ ደኅና አድርገህ እየው። የሚሸት ነገር አለ።»

«ምንም አይሸትም ጓድ።»

ኩርባው ተከፈተ፤ ጉብታው፣ ወይራዎቹ፣ ገብሱ የታጨደበት ባዶ እርከን። «ውሃ ብንጨምርላት ምን ይለናል?» አለ፤ ድምፁ ከወትሮውም ዝቅ ብሎ ነበር።

«ሙሉ ነው» አልሁት።

አለፍን። ከኋላ ልጃቸው «አባ፣ አልፈናል» ስትል ሰማሁ። እሳቸውም «ይሁን፤ እሷ ታውቃለች» አሉ። ከዚያ ወልድያ እስክንደርስ አልተናገሩም። እኔ በልቤ አልያዝኸኝም እያልሁ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እንዲያ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር።

አባ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። አስከሬን ወደ አገራቸው የሚመልስ ፈቃድም ነዳጅም ስላልነበረ እዚያው ወልድያ ተቀበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሏት ቤተ ክርስቲያን ሳትሰማ ማለት ነው። ልጃቸው እዚያ ካሉ ዘመዶቿ ጋር ቀረች። እኔና ካድሬው ሁለታችን ብቻ ተመለስን።

ግማሽ ቀን ሙሉ ነዳሁ። ጉብታው በስተማዶ ብቅ ሲል «አቁም» አለኝ። እባክህ አላለም። አቆምሁ። እዚያው እንደ ተቀመጠ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ «ሦስት ጊዜ ጠየቅሁህ» አለኝ።

ሞተሩን አጠፋሁ።

«ኩርባው ላይ ካቆምህበት ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። ቁልቁለት ላይ የሚግል ሞተር አይቼ አላውቅም። ሞተር ለማየት ቆቡን የሚያወልቅ ሹፌርም አላየሁም።»

ቆቤን! ያን ሁሉ ወራት ማን ነገረው እያልሁ ስብሰለሰል፣ የተናገረብኝ የገዛ ቆቤ ነው። «አባ አልነገሩህም?» አልሁት፤ አምልጦኝ ነው።

ያን ጊዜ ነው ዞሮ ያየኝ። «አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር» አለ። «ይህች መኪና እዚያ ኩርባ ላይ ስትደርስ ለምን ትግላለች አባ? አልኋቸው። አርጅታለች ልጄ፤ እኔም እዚያ ስደርስ ይደክመኛል፤ ታገሣት አሉኝ።»

ወይራው ሥር ሲስቁ ያየኋቸው ይህን ሲሉለት ነው። በመቋሚያቸው ኩርባውን ሲጠቁሙ እኔን እየሸሸጉኝ ነበር። እኔ ደግሞ አቧራ አልብሻቸው አለፍሁ፤ ኋላም ተኝተው ሳሉ ይዣቸው አለፍሁ።

ካድሬው የበሩን ሽቦ ፈትቶ ወረደ። ኮፈኑን ራሱ አነሣው። «ና» አለኝና እሱ መንገዱ ዳር ሄዶ ጀርባውን ሰጠኝ።

ወርጄ ከኮፈኑ ኋላ ቆምሁ። ማዶ ጉብታው እንደ ወትሮው ነበር። ለእሳቸውም ለእኔም ልሳለም እጄን ወደ ቆቤ አነሣሁ። እጄ እዚያው ቀረ። እንዲህ ያለ ታሪክ ፈጥሮ ሊይዘኝስ ቢሆን? አባ ሞተዋል፤ ብለዋል ያለውን ማን ይመሰክርልኛል? ሰውዬው ጀርባውን እንደ ሰጠኝ ነው፤ ቸኩልም አላለኝም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። የሚሳለም ይሁን የሚጠብቅ አላውቅም። ጣሳውን አንሥቼ ራዲያተሩ ላይ ውሃ አፈሰስሁ። ሙሉ ስለ ነበር በላዩ ገንፍሎ ጫማዬ ላይ ወረደ።

«ጨረስህ?» አለኝ፣ ሳይዞር።

«ጨረስሁ ጓድ።»

ተመልሶ መጣ። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ራሴ ላይ ነው። ቆቤ እንደ ተደፋ ነበር። ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋ፣ ገባ፣ በሩን በሽቦው አሰረና «ንዳ» አለኝ።